አል ጆሮ

ካሴቱ ላይ የተጻፈው «አል ጆሮ» የሚል ነበር። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተቻኮለ እጅ። የቀዳው ሰው አጻጻፉን አሳስቶት እንደነበር ያወቅኩት ካሴቱ ከተበላሸ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ዘፋኙ እኛ ቤት ስሙ ጆሮ ነበር። «እስቲ ጆሮን አምጪልኝ» ይለኛል ጋሽዬ፤ እኔም ከአልጋው ሥር ካርቶኑን ጎትቼ እፈልግለታለሁ።

ቤታችን አቃቂ ነበር፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ። የጅቡቲው ባቡር ሌሊት ሲያልፍ ቡፌ ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ይንሿሿሉ፤ እኛ ግን አንነቃም። የሚቀሰቅሰን የፋብሪካ ጡሩምባ ነው። ያኔ አቃቂ የአዲስ አበባ ጫፍ፣ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት፣ ቀኑ በፈረቃ የሚቆጠርበት ሰፈር ነበር። አባዬ ፈረቃ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ፈረቃ ናቸው፤ ጋሽዬም አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ፈረቃ ገባ።

ጋሽዬ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ክራር ይጫወት ነበር። የቀበሌ ኪነት ውስጥ ተጫውቷል፣ ሰርግ ላይ ተጫውቷል፤ ማታ ማታ ደግሞ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ለራሱ ብቻ ይጫወታል። በ1982 ዓ.ም. ከሰፈራችን ፋብሪካዎች በአንዱ ሲሠራ ማሽን የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ክራር ለማያውቅ ሰው ሁለት ጣት ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ክራር ላይ ግን ቀኝ እጅ ይመታል እንጂ ዜማውን የሚይዘው ግራው ነው፤ እያንዳንዱ ክር የሚጠብቀው ጣት አለው። ካሳ ተብሎ የተሰጠው ገንዘብ ስንት እንደነበር እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ጽፌ ግን ላከብረው አልፈልግም። እናታችን ክራሩን ከግድግዳው ሳታወርድ በነጠላ ሸፈነችው። ሸፍኚው ያላት ሰው አልነበረም።

ካሴቱን ያመጣለት ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት የሚቀዳ ጓደኛው ነው። «ጃዝ ነው፤ ላንተ ይሆናል» ብሎ ሰጠው። ጋሽዬ እስከዚያ ቀን ጃዝ ሲባል የሚያውቀው የሙላቱ አስታጥቄን ነው፤ ቫይብራፎን፣ ሳክስፎን፣ ኮንጋ። ሰው አፉን ከፍቶ ጃዝ ሲዘፍን ሰምቶ አያውቅም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቴፑን በድንጋይ ነው የከፈትነው፤ ድንጋዩም ደክሞ ስለነበር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስጥቼው ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ዋሽንት መሰለኝ። ቀጥሎ ከበሮ። ከዚያ ደግሞ ትንፋሽ፣ ከትንፋሹም ሥር እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ ነገር። «ስንት ሰዎች ናቸው የሚጫወቱት?» አልኩት። ጋሽዬ ጭንቅላቱን ወደ ቴፑ አስጠግቶ ብዙ ቆየ። «ከኋላ ባንድ አለ። ይሄ ሁሉ ግን አንድ ሰው ነው» አለኝ። «አፉ ነው።»

ያ ሰው አሜሪካዊው ዘፋኝ አል ጃሮ ነበር። ከዚህ በኋላ የእሱን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እጽፋለሁ። የሰማነው ቅጂ በ1977 ከወጣው «ሉክ ቱ ዘ ሬይንቦው» ከሚባለው የመድረክ አልበሙ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ሕዝብ ፊት ሲዘፍን የተቀዳ። ዜማው «ቴክ ፋይቭ» ነው፤ ፖል ዴዝሞንድ ጽፎት የዴቭ ብሩቤክ ቡድን በ1959 የተጫወተው፣ በአምስት ምት የሚሄድ። ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። የእኛ ጆሮ ከልጅነቱ ጀምሮ በስድስት የተገራ ነው፤ ጭክጭካው፣ የሰርጉ ጭፈራ፣ የእንግጫ ነቀላው ሁሉ በዚያው ይሄዳል። ስለዚህ አምስቱ ላይ ስንደርስ እግራችን ስድስተኛውን ይፈልጋል። ደረጃ ያለ መስሎህ ጨለማ ውስጥ እግርህን እንደ መስደድ ነው። ጋሽዬ ያን ማታ ስድስተኛውን ሲፈልግና ሲያጣው፣ ሲፈልግና ሲያጣው፣ በመጨረሻ መፈለጉን ሲተወው አይቼዋለሁ። ከአደጋው በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ስለ ሰውየው ሕይወት ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ስልክ እጄ ከገባ በኋላ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፤ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል። የተወለደው ሚልዋኪ፣ ዊስኮንሲን ነው፤ ማርች 12 ቀን 1940። በእኛ ሲቆጠር መጋቢት 3 ቀን 1932 መሆኑ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ ከተወለደበት ከመስከረም 17 ቀን 1933 ስድስት ወር ቀደም ብሎ። ይህን ሳሰላ በጣም ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አልችልም። አባቱ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይና ዘማሪ፣ እናቱ የቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ተጫዋች። በ1962 ከሪፖን ኮሌጅ በሥነ ልቦና ተመረቀ። በ1964 ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። እዚህ ላይ ስደርስ መስመሩን ደግሜ አነበብኩት። የሁለተኛ ዲግሪው ትምህርት የአካል ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ወደ ሥራ የሚመለሱበትን መንገድ የሚመለከት ነበር። ከዚያም ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ በዚሁ ሙያ አማካሪ ሆኖ ተቀጠረ።

ከሚኒባሱ ሳልወርድ ለጋሽዬ ደወልኩለት።

«ጋሽዬ፣ ጆሮ እኮ ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት ሥራው ምን እንደነበር ታውቃለህ? ማሽን እጁን የወሰደበት ሰው ምን ሠርቶ ይኑር እያለ ማማከር።»

ዝም አለ። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ነበር፤ እኔም አንድ እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰድጄ እጠብቃለሁ።

«ያስታውቃል» አለኝ በመጨረሻ።

ስለ አል ጃሮ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያወራው ስለ ድምፁ ነው። እንዴት እንደሚዘል፣ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጊታሩን፣ ዋሽንቱን፣ ቤዙን፣ ከበሮውን እንዴት በአንድ ጉሮሮ እንደሚያመጣ። እውነት ነው። እኔ ግን የካሴቱ ጸሐፊ ሳያውቀው ትክክለኛውን የጻፈ ይመስለኛል። ዋሽንትን በአፍ ለማምጣት መጀመሪያ ዋሽንቱን ከተጫዋቹ ትንፋሽ ጋር፣ ጣት ቀዳዳውን ሲለቅ ከሚሰማው ትንሽ ኮሽታ ጋር መስማት ያስፈልጋል። ብዙ ዘፋኝ ባንዱን የሚሰማው የእሱ ተራ መቼ እንደሚደርስ ለማወቅ ነው። ጃሮ ግን ቀን ቀን ቢሮው ተቀምጦ የሰው ችግር የሚያዳምጥ፣ ማታ ማታ ደግሞ ክበብ ውስጥ ፒያኖ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። በ1965 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሃፍ ኖት በሚባል ክበብ አብሮት የሚሠራው ፒያኒስት ጆርጅ ዱክ ነው፤ ዱክ ያኔ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ሁለቱም ኋላ ስማቸው ዓለምን ዞረ። ዱክ በ2013 ሲያርፍ ጃሮ በዓመቱ የመታሰቢያ አልበም አወጣለት። ለሃምሳ ዓመት ያህል እርስ በርስ የተደማመጡ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ጋሽዬን የገረመው ዕድሜው ነው። ጃሮ ኋላ ላይ የማማከሩን ሥራ ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ሙዚቃው ገባ፤ ግን የመጀመሪያው ትልቅ አልበሙ «ዊ ጎት ባይ» የወጣው በ1975 ነው። 35 ዓመቱ ነበር። በ1976 ሃምቡርግ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክበብ ውስጥ ሲዘፍን ሰሜን ጀርመን ሬዲዮ ቀዳው፤ ጀርመኖቹም ከአገሩ ሰው ቀድመው የራሳቸው አደረጉት። የዚያን ሰሞን ምስል አሁን በስልክ ይገኛል። ማይክሮፎኑን ሁለት እጁ ላይ አስተኝቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቶቹ አየር ላይ የማይታይ ነገር እየነኩ። ጋሽዬ ይህን ምስል ሲያይ የሚያየው ጣቶቹን ነው። «ተመልከቺ፣ በእጁም እየተጫወተ ነው። ምንም ሳይዝ።»

አሁን ወደ አባዬ ልመለስ። አባዬ ሙዚቃ አይጠላም ነበር፤ መበታተንን ግን ይፈራል። ጋሽዬ ፋብሪካም ክራርም ሲል፣ ኋላም እኔ ማስተማርም መዘመርም ስል፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።» ይህን ተረት በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ብዙ ነገር ትቼበታለሁ።

ጃሮ የወጣው ሦስት ዛፍ ነው። በ1978 እና በ1979 የአሜሪካውን የሙዚቃ ሽልማት ግራሚን ያገኘው በጃዝ ድምፅ ነው። በ1981 «ብሬኪን አዌይ» ሲወጣ «ዊር ኢን ዚስ ላቭ ቱጌዘር» የተባለው ለስላሳ ዘፈን በአሜሪካው የዘፈኖች ሰንጠረዥ በቢልቦርድ ላይ 15ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በቀጣዩም ዓመት የፖፕ ወንድ ድምፃዊ ሽልማቱን ወሰደ። በ1993 ደግሞ «ሄቨን ኤንድ ኧርዝ» በተባለው አልበሙ በአር ኤንድ ቢ። በሦስቱም ቤት ግራሚ ያገኘ ድምፃዊ ነው። በ2007 ከጊታሪስቱ ጆርጅ ቤንሰን ጋር በሠሩት አልበም ሁለት ሲጨመርለት ሰባት ሞላ። የጃዝ ሰዎች ግን አኮረፉ። ወደ ፖፕ ሸሸ፣ ራሱን ሸጠ አሉ። የአባዬ ተረት በእንግሊዝኛም እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ለእኔ ግን መልሱ ያው በ1981ዱ አልበም ውስጥ አለ። ለስላሳው ዘፈን ካለበት አልበም ላይ የብሩቤክን «ብሉ ሮንዶ አ ላ ተርክ» አስቀምጦታል። ይህ ሌላው እግር የሚያጠልፍ ዜማ ነው፤ ዘጠኝ ምት፣ ሁለት ሁለት ሁለት ሦስት ሆኖ የተከፈለ። ፒያኖ ላይ እንኳ ጣት የሚፈትን ነገር ነው። ጃሮ ራሱ ግጥም ጽፎለት፣ ለእያንዳንዷ ኖታ አንድ አንድ ቃል እያጎረሰ፣ አንዲት ሳያንጠባጥብ ዘፈነው። የጃዙን ግራሚ ያገኘውም በእሱ ነው፤ የፖፑን ባገኘበት በዚያው ሌሊት። ያ ሰው ጃዙን ትቶ የሄደ አይመስለኝም። የሰርግ እንግዳን የሚያስጨፍረውንና ብቻውን ሲሆን የሚጫወተውን በአንድ ቤት ያኖረ ነው። ጋሽዬም እንዲሁ ነበር።

ሁሉንም ሥራውን እወዳለሁ ብል ግን እዋሻለሁ። በ1984 የወጣውን «ሃይ ክራይም» ጀምሬ አልጨርሰውም። ጊዜው የሲንተሳይዘር ጊዜ ነበር፤ ከበሮውን ማሽን ይመታዋል። ከበሮ በአፉ ያለውን ሰው የማሽን ከበሮ ፊት ማቆም ያሳዝነኛል። ጋሽዬ አልበሙን አንድ ጊዜ ሰምቶ «ማሽን ይብቃን» አለ፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈትነውም።

ጃሮ ዘፈኑን ቃል በሌለው ድምፅ ሲያራዝመው እንግዳ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ከአዝማሪ ጋር አያይዤ ነው የምሰማው። የእኛ አዝማሪ ዜማውን ይዞ ቃሉን ይፈጥራል፤ ፊትህን አይቶ፣ ስምህን ሰምቶ፣ ሰምና ወርቁን እዚያው ይሠራዋል። ዜማው የታወቀ ነው፣ ቃሉ ትኩስ ነው። ጃሮ ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ቃሉ የታወቀ ነው፣ ዜማው ከአፉ ሲወጣ ትኩስ ነው። ሁለቱም ከሰሚው ፊት ቆመው ነው የሚሠሩት፤ ቤት ሠርተው የሚያመጡት ነገር አይደለም። ለቃል ይህን ያህል የምንሳሳ ሰዎች ቃል ለሌለው ድምፅ ትዕግሥት ማጣታችን አይደንቀኝም። ግን ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ ቆማችሁ ረዳቶቹን ስሙ። «ቃሊቲ ቃሊቲ ቃሊቲ፣ ሳሪስ ሳሪስ፣ ሁለት ሰው!» አሥረኛው ላይ ቃሉ ይሟሟና ምት ብቻ ይቀራል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ክፍተቱን ጠብቆ ይገባል። ጋሽዬ አንዳንዴ ሚኒባሱ ሲሞላም አይገባም፤ ቆሞ ያዳምጣል።

ስለ አንድ ሌሊትም መጻፍ አለብኝ፤ ቀላል ባይሆንልኝም። ጃንዋሪ 28 ቀን 1985፣ በእኛ ጥር 20 ቀን 1977፣ ሆሊውድ በሚገኝ ስቱዲዮ ውስጥ ከአርባ በላይ ዘፋኞች ተሰብስበው ስለ እኛ ረሃብ «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ቀዱ። እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኛ ቤት ረሃብ አልገባም፤ ግን ከወሎ የመጡ ሰዎች አቃቂ መንገድ ዳር ተቀምጠው አይቻለሁ፤ እናታችን ከድስቱ እየቀነሰች ስትልክን አስታውሳለሁ። ዘፈኑን የሰማሁት አድጌ ነው። አገርህ በዓለም ዘንድ የምትታወቅበት ዘፈን የረሃቧ ዘፈን ሲሆን ደስታና እፍረት አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ምስጋናውም ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ያን ሌሊት ስቲቪ ዎንደር በስዋሂሊ የሚዘመር መስመር እናስገባ ብሎ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ስዋሂሊ አይናገሩም ተብሎ ቀረ። ግን ይኸው ዎንደር ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ይዞ መጥቶ ዘፋኞቹ ፊት አቆማቸው፤ እነሱም ስለ አገራቸው አመሰገኑ፤ ያለቀሱም ነበሩ። ስለ እነዚያ ሁለት ሴቶች ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ያን ክፍል ከአርባ በላይ ድምፅ ሞልቶት ነበር፤ የእኛ ድምፅ ሁለት ነበር፤ ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ እነሱን ሰማ።

ከዘፋኞቹ መካከል ጃሮ አለ። ለብቻው የያዘው አንዲት አጭር መስመር ናት፤ ቶሎ ታልፋለች። ቪዲዮውን ለጋሽዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ፊቱን ሳይሆን ድምፁን ነው የለየው። «ጆሮ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ወደኋላ መልሼ አሳየሁት። ሦስት ጊዜ ካየው በኋላ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እኛ እሱን ከመስማታችን በፊት እሱ እኛን ሰምቶናል ማለት ነው» አለ።

ጃሮ ያረፈው ሎስ አንጀለስ ነው፤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017፣ በ76 ዓመቱ። የካቲት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እሑድ። ከሁለት ቀን በፊት ሐኪሞቹ መክረውት ከመድረክ ጉዞ ጡረታ መውጣቱ ተነግሮ ነበር። ግራሚ የሚሰጥበት ዕለት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚከብደኝ፦ እስከዚያች ሳምንት ድረስ የመድረክ ቀጠሮ የነበረው ሰው መሆኑ። ከማረፉ በፊት በነበረው ዓመት እንኳ ከሰሜን ጀርመን ሬዲዮ ትልቅ ባንድ ጋር የጃዝ አቀናባሪውን የዱክ ኤሊንግተንን ሥራዎች ይዞ አውሮፓን ዞሯል። ከአርባ ዓመት በፊት ከቀዳው ሬዲዮ ቤት ጋር ማለት ነው። የዚያን ጉዞ ቅጂ ስሰማ ድምፁ አርጅቷል፤ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን ግን አይደብቀውም፤ ቆም ብሎ ራሱም ይሰማውና ከዚያው ይቀጥላል። ከወጣትነቱ ዝላይ ይልቅ ዛሬ ዛሬ ይህን መስማት እመርጣለሁ።

የማረፉን ዜና ሰኞ ጠዋት ነው የሰማሁት። ጋሽዬ ዘንድ ለመደወል እስከ ማታ ዘገየሁ። ስነግረው «እግዜር ነፍሱን ይማር» አለና ስለ ሌላ ነገር ጠየቀኝ። በሳምንቱ ልጠይቀው ስሄድ ክራሩ ግድግዳው ላይ ያለ ነጠላ ተሰቅሏል። እናታችን ካረፈች ቆይታለች፤ ከእሷ በኋላ ነጠላውን የነካው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም አልነገረኝም።

አሁን የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እኔ አራተኛ ፎቅ፣ ጋሽዬ ምድር ቤት። ከተማው አቃቂን አልፎ እዚህ ደርሷል፤ ከመስኮቴ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መብራት ይታያል። ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ በረንዳና ደረጃ ላይ ወጥቶ ነበር። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፣ ባዶ ጀሪካን ገልብጦ ደረጃው ላይ ይመታል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ድምፅ ይወዳል፤ አንዱን ሦስት አድርጎ ይመልሰዋል። ጋሽዬ በስልኩ መብራት ቀስ ብሎ ወጣና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቻላል?» አለው ልጁ፤ ሊቆጣው የመጣ መስሎታል።

«ምታ። ግን አምስት አድርገው። ሦስትና ሁለት።»

ልጁ መታ። ስድስተኛዋን ጨመራት። እንደገና። አሁንም ጨመራት። ጋሽዬ ጀሪካኑን ወደ ጉልበቱ ሳብ አደረገና ግራ እጁን አስቀመጠበት። የቀሩት ሦስት ጣቶቹ ሦስቱን መቱ። ሁለቱን በአፉ ሞላቸው፤ «ዱም፣ ታ»። ሦስት በጣት፣ ሁለት በአፍ። ልጁ እጁን አንሥቶ ዝም ብሎ ጋሽዬን ያያል። ከላይ ፎቅ ሲያወራ የነበረው ሰው ዝም አለ። እኔ ደረጃው ላይ፣ የእንጀራ ሰፌድ እንደያዝኩ፣ መብራቱ እንዳይመጣ ፈራሁ።